የጠበበ ደም መልስ ሁሉ በሽታ ነውን?

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ወሎ በሄድሁ ጊዜ፣ ኩታበር የሚኖሩት የእናቴ ታላቅ እኅት፣ አራት ጊዜ አጥፈው በመቀነታቸው ጫፍ የቋጠሩትን አንድ ወረቀት ፈትተው ሰጡኝ። ወረቀቱ ራሳቸው በመሣሪያ በተነሣ ጊዜ የተጻፈ የምርመራ ውጤት ነበር። እቴቴ (የእኅቶቻቸው ልጆች ሁላችንም እንዲህ ነው የምንጠራቸው) ራሳቸውን ማመም ከጀመራቸው ብዙ ዓመት ሆኗል። ሕመሙ ከማጅራታቸው ተነሥቶ ወደ ግንባራቸው ይወጣል፤ ሁለትና ሦስት ቀን አስተኝቷቸው ይለቃቸዋል፤ ከዚያም ተመልሶ ይመጣል። ጠበል ተጠምቀዋል፣ ዳማከሴ ተሽተዋል፣ ገበያ ዳር ከሚቀመጡት አጋሚ ዘንድ ሄደው ታግመዋል። በመጨረሻ ልጃቸው ገንዘብ ልኮላቸው ወደ ከተማ ወርደው ተነሡ። ውጤቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን፣ ከብዙ «ደኅና ነው» በኋላ ልዩ ነገር የሚናገረው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የግራው ትራንስቨርስ ሳይነስ ከቀኙ ይልቅ ጠባብ ሆኖ ይታያል የሚል ነው።

ወረቀቱን መጀመሪያ ያነበበላቸው የሠፈር ተማሪ ከዚህ ሁሉ የሚያውቀው «ሳይነስ» የሚለውን ቃል ብቻ ስለ ነበረ፣ የአፍንጫ ሕመም ነው ብሎ ነገራቸው። ባገራችን ሰው «ሳይነስ አለብኝ» ሲል የሚያስበው አፍንጫውን ስለ ሆነ ልጁ አይፈረድበትም። ሁለተኛው አንባቢ ግን ሕመምተኞችን ወደ ውጭ አገር የሚልክ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ነበር። እርሱ ቃሉ ከአንጎል ደም የሚያወጣ ቦይ ማለት እንደ ሆነ በትክክል ነገራቸውና፣ «የጠበበው ሥር በፊኛ ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ ይድናሉ» አላቸው። የኢጣልያዊውን ሐኪም የፕሮፌሰር ፓውሎ ዛምቦኒን ስም የሚያነሡ ጥቂት የታተሙ ገጾችም ተወላቸው። የጠየቀው ገንዘብ ሁለቱ የእርሻ በሬዎችና ከቤቱ ጀርባ ያለው ባሕር ዛፍ አንድ ላይ ቢሸጡ የማይሞላ ነው።

«አንተ የተማርኸው፣ እስቲ ንገረኝ፤ በሬዎቹን ልሽጥ?» አሉኝ።

ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ወደ ኮሌጁ ከተመለስሁ በኋላ ግን በዚህ ጉዳይ የተጻፉትን ዋና ዋና የምርምር ጽሑፎች እየፈለግሁ አነበብሁ። የሕክምና ተማሪ አይደለሁም፤ ስለዚህ እዚህ የምተቸው የሐኪሞቹን እጅ ሳይሆን የጽሑፎቹን አስተሳሰብ ነው። የደም ሥር መጥበብ በሽታ ነው ለማለት ምን ማስረጃ ቀረበ? ማስረጃውስ የተጫነበትን ያህል ይሸከማልን?

ነገሩን ለመረዳት ከቃላቱ መጀመር ይጠቅማል። በአማርኛ የሳይንስ መጻሕፍት ከልብ ደም ይዞ የሚወጣው ሥር ደም ቅዳ፣ ወደ ልብ የሚመልሰው ደግሞ ደም መልስ ይባላል። ልብ ከሚረጨው ደም 15 ከመቶ ያህሉ ወደ አንጎል ይወጣል፤ የወጣውም ሁሉ መመለስ አለበት። የሚመለሰው ደም በራስ ቅል ውስጥ፣ አንጎልን በሚሸፍነው ጠንካራ ስስ ቆዳ መካከል በተሠሩና ሳይነስ በተባሉ ቦዮች ይሰበሰባል። ሁለቱ ትራንስቨርስ ሳይነሶች በማጅራት በኩል ግራና ቀኝ ዞረው ይወርዱና፣ ደማቸው ከራስ ቅል ሲወጣ ጁጉላር በሚባሉት በአንገት ደም መልሶች ይቀጥላል። ደም ቅዳ ግድግዳው ወፍራም፣ ግፊቱም ብርቱ ነው። የአንገት ደም መልስ ግን ስስና ለስላሳ ነው፤ ከውጭ ሲጫኑት ይተኛል፣ ከውስጥ ሲሞላ ይነፋል፤ አንዱ መንገድ ሲጠብ ደሙ በሌላው ይሄዳል። ልብን የሚመግበው ደም ቅዳ ከጠበበ ሰውየው አደጋ ላይ መሆኑን ሁሉ ያውቃል። ይህን ዕውቀት ሳይመረምሩ ወደ ደም መልስ ማሻገር ግን፣ እንደማየው ከሆነ፣ ቀጥሎ ለምናገረው ስሕተት ሁሉ በር ከፋች ነው።

ፕሮፌሰር ዛምቦኒ በፌራራ ዩኒቨርሲቲ የደም ሥር ሕክምና መምህር ናቸው። ባለቤታቸው መልቲፕል ስክለሮሲስ በሚባለው ሕመም በመያዛቸው ነገሩን በልዩ ትጋት እንደ መረመሩት በሰፊው ተነግሯል። ይህ ሕመም የነርቭ ክሮችን የሚያለብሰው ማይሊን የተባለው ሽፋን በየቦታው እየቆሰለ የሚጠፋበት ነው፤ ሰውነትን የሚጠብቀው ኃይል በገዛ ሰውነቱ ላይ ሲነሣ የሚመጣ እንደ ሆነ አብዛኞቹ ሊቃውንት ይስማማሉ። ፕሮፌሰሩ ግን ሌላ ምክንያት አቀረቡ። በአንገት ያሉት ጁጉላሮችና በደረት ውስጥ ያለው አዚጎስ የተባለው ደም መልስ ይጠባሉ፤ ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በአንጎል ውስጥ ብረት ይከማቻል፤ ቁስሉም ከዚያ ይመጣል አሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍ 65 የመልቲፕል ስክለሮሲስ ሕመምተኞችንና 235 ሌሎች ሰዎችን በድምፅ ሞገድ መሣሪያ መርምረው፣ አምስት ምልክቶችን ቆጠሩ። ከአምስቱ ሁለትና ከዚያ በላይ የተገኘበት ሰው የደም መልስ ጉድለት አለበት ተባለ። ውጤቱም የሚያስደንቅ ሆነ፤ ሕመምተኞቹ በሙሉ ጉድለቱ አለባቸው፣ ከሌሎቹ ግን አንድም ሰው የለበትም። በዚያው ዓመት የ65ቱን ሕመምተኞች የጠበቡ ሥሮች በፊኛ እንደ ከፈቱና በአማካይ ለ18 ወራት ተከታትለው ብዙዎቹ ተሽሏቸው እንዳገኙ አሳተሙ።

እኔ መጀመሪያ የቆምሁት በዚህ መቶ ከመቶ ላይ ነው። ሕይወት ባለው ነገር ላይ በሚደረግ ምርመራ መቶ ከመቶ የሚባል ነገር እንግዳ ነው። የወባ ምርመራ እንኳ፣ ተሐዋሲው በዓይን እየታየ፣ አንዳንዱን ይስታል፤ ሌላውን በከንቱ ይከሳል። ደግሞም ምርመራው በመርማሪው እጅ ላይ የተመሠረተ ነው፤ መሣሪያውን አንገት ላይ ጥቂት ጠበቅ አድርጎ የያዘ ሰው ለስላሳውን ሥር ራሱ ሊያጠበው ይችላል። እንዲህ ያለ ውጤት ሲገኝ የመጀመሪያው ሥራ ደስታ ሳይሆን መጠራጠር መሆን ይገባው ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር አንድ የካናዳ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሕክምናውን «ነጻ መውጫ» በሚል ስም ለሕዝብ አቀረበው፤ ሕመምተኞችም ማስረጃውን ሳይጠብቁ ወደ ፖላንድ፣ ወደ ሕንድ፣ ወደ ኮስታ ሪካ መጓዝ ጀመሩ።

ከፌራራው ጽሑፍ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2000፣ የበርሊን ተመራማሪዎች 23 ጤነኛ ሰዎችን አስተኝተውና ቀና አድርገው ከአንጎል የሚመለሰውን ደም ለክተው ነበር። ሰውየው በተኛ ጊዜ በጁጉላሮቹ በየደቂቃው 700 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይወርዳል። ቀጥ ባለ ጊዜ ግን ይኸው መጠን ወደ 70 ይወርዳል፤ በአከርካሪ አጥንት ዙሪያ ያሉት ደም መልሶች ደግሞ ከ40 ወደ 210 ይጨምራሉ። እንግዲህ ጭድ ወይም እንጨት ተሸክማ የኩታበርን ዳገት የምትወጣው ጤነኛ ሴት ሁሉ፣ እንደዚህ ልኬት፣ የአንገት ሥሮቿ ሊዘጉ የተቃረቡ ናቸው። እርሷ ግን አትታመም፤ ገበያዋን ሸምታ ትመለሳለች። ደሙ ሌላ መንገድ ስላለው ነው። ታዲያ ጠባብ የሆነ ሥር አየሁ ማለት ብቻውን ምን ማለት ነው? ከምን ይልቅ ጠባብ? በየትኛው አቋም? በማን አንገት? የ2009ኙ ጽሑፍ ሰዎቹን አስተኝቶም አስቀምጦም መርምሯል፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ሥሩ እንዲህ የሚለዋወጥ መሆኑን እያወቀ፣ ከመለዋወጡ ውስጥ የትኛው ጤና፣ የትኛው ሕመም እንደ ሆነ የሚለይበት ድንበር በሚገባ አላቆመም።

ድንበሩን ሌሎች ሊፈልጉት ሲሞክሩ ነው ነገሩ የፈረሰው። እ.ኤ.አ. በ2010 በርሊን ውስጥ 56 ሕመምተኞችና 20 ጤነኞች ተመርምረው፣ ከአምስቱ ምልክቶች ከአንድ በላይ የታየበት ሰው አልተገኘም። በ2011 በአሜሪካ የቡፋሎ ተመራማሪዎች 499 ሰዎች መርምረው ጉድለቱን በሕመምተኞቹ ላይ 56.1 ከመቶ፣ በጤነኞቹ ላይ 22.7 ከመቶ አገኙት። ይህ ውጤት ለፕሮፌሰሩ በከፊል የሚያደላ ይመስላል፤ ዳሩ ግን መቶና ዜሮ የነበረው ወደዚህ ከወረደ፣ ከአምስት ጤነኛ አንዱ «ሕመምተኛ» ሆኖ ከተቈጠረ፣ ምልክቱ ሕመሙን ይወልዳል ማለት ይቸግራል። ከሁሉ ይልቅ ያሳመነኝ በ2013 የታተመው የካናዳው ጥናት ነው። ዶክተር አንቶኒ ትራቡልሲና ጓደኞቻቸው 177 ሰዎች ወሰዱ፤ 79ኙ ሕመምተኞች፣ 55ቱ የሕመምተኞቹ ወንድሞችና እኅቶች፣ 43ቱ ደግሞ ዝምድና የሌላቸው ጤነኞች ናቸው። በድምፅ ሞገድ ብቻ ሳይወሰኑ ካቴተር የሚባለውን ቀጭን ቱቦ ወደ ሥሩ አስገብተው በቀለም አነሡት። ከግማሽ በላይ የሆነ ጥበት የተገኘው በሕመምተኞቹ 74፣ በወንድሞችና እኅቶች 66፣ በባዕዳኑ 70 ከመቶ ላይ ነው። ጥበቱ አለ፤ ፕሮፌሰር ዛምቦኒ ያዩት ነገር ሕልም አልነበረም። ነገር ግን በሁላችን ላይ አለ።

እዚህ ላይ ወደ ኩታበር ገበያ ልመለስ። አጋሚው የከብት ቀንድ አላቸው። የቀንዱን አፍ ማጅራት ላይ ደፍተው፣ ጫፉ ላይ ባለው ቀዳዳ አየሩን በአፋቸው ስበው ይደፍኑታል። ቆዳው ሲያብጥ ቀንዱን አንሥተው በምላጭ በጣ በጣ ያደርጉና መልሰው ይደፉታል፤ ቀንዱም ደም ይሞላል። ዋግምት የሚባለው ይህ ነው። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ ኢትዮጵያ የሕክምና ታሪክ ባሳተሙት መጽሐፍ እንደሚታየው ባገራችን ጥንታዊ ነው፤ በአውሮፓና በእስያም የታወቀ ነበር። እቴቴ ከታገሙ በኋላ ሁልጊዜ ይሻላቸዋል። ይህን ሲናገሩ አይዋሹም። ነገር ግን ወደ አጋሚው የሚሄዱት መቼ ነው? ሕመሙ በበረታ ቀን ነው። ሕመሙም በሁለትና በሦስት ቀን ይለቃቸዋል ብያለሁ። ስለዚህ በበረታ ቀን የተደረገ ነገር ሁሉ፣ ዋግምትም ይሁን ጠበል፣ በማግሥቱ ወይም በሠልስቱ መድኀኒት ይሆናል።

በኮሌጃችን አንዳንዱ ይህን ሲሰማ ይሥቃል። እንዲሥቅ ግን አልፈቅድለትም፤ ምክንያቱም መልቲፕል ስክለሮሲስ ራሱ በብዙዎች ላይ የሚመጣና የሚመለስ ሕመም ነው። ሕመምተኛው የሚጓዘው በባሰበት ወር ነው፤ ከጉዞውም በኋላ ብዙ ጊዜ ይሻለዋል። የ65ቱ ሰዎች ሕክምና ማነጻጸሪያ አልነበረውም፤ ሐኪሙም ሕመምተኛውም ምን እንደ ተደረገ ያውቁ ነበር። ከተከፈቱት የአንገት ሥሮች ግማሽ ያህሉ በክትትሉ ጊዜ ተመልሰው መጥበባቸውን ጽሑፉ ራሱ ይናገራል። ይህን ሳነብ፣ ሥሩ ተመልሶ ከጠበበ ሕመምተኛው እንዴት ተሻለው? ብዬ ጠይቄያለሁ፤ ጽሑፉ የሰጠው መልስ አላጠገበኝም። በአስተሳሰብ ረገድ በፊኛውና በቀንዱ መካከል ልዩነት አላየሁም። በፓሪስ ሐኪሙ ፒየር ሉዊ እ.ኤ.አ. በ1835 ባሳተሙት መጽሐፍ በሳንባ ምች የታመሙትን ሰዎች ደማቸው በሽታው በጀመረ ጊዜ የፈሰሰላቸውንና ዘግይቶ የፈሰሰላቸውን ለይተው ቆጥረው፣ ደም ማፍሰስ የሚባለውን ያህል እንደማይጠቅም አሳይተው ነበር። ይህ ከሆነ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው።

መቁጠሩ በመጨረሻ መጣ፤ ዋጋ ከተከፈለ በኋላ ግን ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በኮስታ ሪካ የታከመ አንድ ካናዳዊ ሞተ። በግንቦት 2012 የአሜሪካ የምግብና የመድኀኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከዚህ ሕክምና ጋራ በተያያዘ ሞት፣ የአንጎል ምት፣ ሥር ውስጥ የተከተተው ስቴንት የተባለው የሽቦ ቱቦ ከቦታው መነቀል፣ የሥር መጐዳትና የደም መርጋት እንደ ደረሰ ገልጾ አስጠነቀቀ። ከዚያም ፕሮፌሰር ዛምቦኒ ራሳቸው የመሩት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ወጣ። 115 ሕመምተኞች በዕጣ ተከፍለው 76ቱ በፊኛ ታከሙ፤ ለ39ኙ ካቴተሩ ቢገባም ፊኛው አልተነፋም፤ ማን በየትኛው ክፍል እንዳለ ሕመምተኛውም መርማሪውም እንዳያውቅ ተደረገ። ከአንድ ዓመት በኋላ የታከሙት ካልታከሙት የተሻለ ነገር አላገኙም። ጽሑፉም ይህ ሕክምና ለመልቲፕል ስክለሮሲስ ሕመምተኞች ሊመከር አይችልም ብሎ ደመደመ። በካናዳም 104 ሰዎች ላይ የተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ያንኑ አለ።

ለፕሮፌሰሩ ክብር እሰጣለሁ። የገዛ አሳባቸውን የሚያፈርስ ጥናት ሠርተው በስማቸው ማሳተም ከብዙ ሊቅ የማይገኝ ነገር ነው። የምወቅሰው ቅደም ተከተሉን ነው፤ የ2017ቱ ሥራ ከ2009ኙ ደስታ በፊት መምጣት ነበረበት። ጉዳይ አስፈጻሚው ለእቴቴ የተወላቸው ገጾችም በ2009 ያበቃሉ። ስለ 2013ና ስለ 2017 አንድ ቃል የለባቸውም።

አንባቢው ግን፣ እንግዲያስ የአንጎል ደም መልስ ጥበት ሁሉ ተረት ነው፣ ብሎ እንዳይወጣ እፈራለሁ፤ እኔም በመካከሉ እንደዚያ ወደ ማለት ደርሼ ነበር። የእቴቴ ወረቀት የሚናገረው ስለ አንገት ሥር አይደለም፤ በራስ ቅል ውስጥ ስላለው ሳይነስ ነው። በዚህ ቦታ ያለ ጥበት በእውነት ከሕመም ጋራ የሚገናኝበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ በግልጽ ሳይታወቅ በራስ ቅል ውስጥ ያለው ግፊት የሚጨምርበት አንድ ሕመም አለ፤ የሚይዘውም አብዛኛውን ጊዜ ወፈር ያሉ ወጣት ሴቶችን ነው። ራስን ያማል፣ ዓይንን አፍታ አፍታ ያጨልማል፣ ጆሮ ውስጥ ከልብ ምት ጋራ የሚሄድ ድምፅ ያሰማል፤ ካልታከመም ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የቶሮንቶ ሐኪሞች ይህ ሕመም ካለባቸው 29 ሰዎች በ27ቱ ላይ በግራም በቀኝም ጉልህ ጥበት ሲያገኙ፣ ከ59 ማነጻጸሪያ ሰዎች ግን በ4ቱ ላይ ብቻ አገኙ። ይህን ከካናዳው 74፣ 66ና 70 ጋራ አስተያዩት። ቃሉ አንድ ነው፤ ጥበት ነው። ነገር ግን በዚህኛው ጥናት ሕመምተኛውና ማነጻጸሪያው ተለያይተዋል። የትኛው ጥበት የማስረጃ ክብደት እንዳለው የነገረን የሌላው ሰው ሥር እንጂ የሕመምተኛው ሥር አይደለም።

ቢሆንም እዚህም ላይ ሌላ ጥያቄ ይቀራል። ጥበቱ ግፊቱን አመጣ ወይስ ግፊቱ ጥበቱን? በኬምብሪጅ እ.ኤ.አ. በ2002 ሌላ ሕክምና ያልበገረው ይህ ሕመም ላለባት አንዲት ሴት ሳይነሷ ውስጥ ስቴንት ገብቶላት እንደ ተሻላት ተጻፈ፤ ጥበቱ አምጥቶታል የሚሉ በዚህ ይጠቅሳሉ። በዚያው ዓመት ግን የአውስትራሊያ ሐኪሞች በአንጎል ዙሪያ ካለው ፈሳሽ ጥቂት ሲቀዱ በሳይነሱ ውስጥ ያለው ግፊት ወዲያው እንደሚወርድ አሳዩ። ነገሩን በቤተ ሙከራ ካየነው ከስስ የጎማ ቱቦ ጋራ ማመሳሰል ይቻላል፤ ቱቦውን ውኃ በሞላ ጠርሙስ ውስጥ አሳልፈው የጠርሙሱን ውኃ ቢጫኑት ቱቦው ይተኛል፤ ጫናው ሲለቅ ቱቦው ይነሣል። እንግዲህ ጥበቱ የግፊቱ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ከተወለደ በኋላ ደግሞ ደሙን አግዶ ግፊቱን ያባብስ ይሆናል። ስለዚህ ነው ዛሬም ቢሆን ስቴንት መጀመሪያ የማይደረገው። በመጀመሪያ ከጀርባ ፈሳሽ ተቀድቶ ግፊቱ ይለካል፤ ለትልቅ ሰው ከ25 ሴንቲ ሜትር ውኃ በላይ ከሆነ በዝቷል ይባላል። ከዚያ ክብደት መቀነስና አሴታዞላማይድ የተባለው ክኒን ይታዘዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ 165 ሰዎች በተካፈሉበት ጥናት፣ ክኒኑ ከምግብ ቁጥጥር ጋራ ሲሰጥ የዓይንን እይታ በመጠኑ እንደሚያሻሽል ታይቷል። ስቴንት የሚታሰበው ይህ ሁሉ ሳይበቃ ሲቀርና ዓይን ሲያሰጋ፣ ያም ሆኖ በጥበቱ ፊትና ኋላ ያለው የደም ግፊት በካቴተር ተለክቶ ልዩነቱ ጉልህ ሆኖ ሲገኝ ነው። የሚለካው ስፋቱ ብቻ ሳይሆን ግፊቱ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ። የሳይነስ ጥበት አንድ ነገር ነው፤ በሳይነስ ውስጥ ደም መርጋት ሌላ ነው። የኋለኛው በተለይ በእርግዝናና በአራስነት ወራት ሴቶችን የሚያሰጋ፣ በቶሎ ተደርሶበት ደም እንዳይረጋ በሚያደርግ መድኀኒት መታከም ያለበት እውነተኛ አደጋ ነው። በምርመራ ፎቶግራፍ ላይ ሁለቱ ሊመሳሰሉ ስለሚችሉ፣ «ጠባብ» የሚለውን ቃል የጻፈው ሰው የረጋ ደም አለመኖሩን ጨምሮ ቢጽፍ መልካም ነው። በእቴቴ ወረቀት ላይ የረጋ ደም አልታየም የሚል ቃል አለ፤ ለዚህ ጸሐፊውን አመሰግናለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄያቸው ልምጣ። ጥበቱ በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ እርሱም በግራ። የሁለቱ ትራንስቨርስ ሳይነሶች እኩል አለመሆን በጣም የተለመደ ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚሰፋው ቀኙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ አንድ ጥናት ደኅና የሆነ የአንጎል ምርመራ ካላቸው 100 ሰዎች በ31ዱ ላይ ትራንስቨርስ ሳይነስ በኤም.አር.አይ. ሲነሣ የተቋረጠ መስሎ ታይቷል፤ በሰፊው ሳይነስ ላይ ግን በአንዱም አልታየም፣ አብዛኛው የታየው በጠባቡ ላይ ነው። የራስ ምታትም እንዲሁ ብርቅ አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ጓደኞቻቸው እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት፣ በአንድ የኢትዮጵያ ገጠር ከ15,000 አዋቂዎች መካከል ማይግሬን ያለበት በዓመት 3.0 ከመቶ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም ከሌላው ዐይነት ራስ ምታት በቀር ነው። ብዙ ሰው ላይ ያለ ሁለት ነገር በአንድ ሰው ላይ ሲገናኝ አንዱ ሌላውን ወለደው ማለት አይደለም። ራሳቸውን የሚያማቸውን ሰዎች ብቻ የሚያነሣ መሣሪያ ደግሞ፣ ጠባብ ሳይነስ ያላቸውንና የማያማቸውን ሰዎች ፈጽሞ አያያቸውም።

ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የረከሰው መሣሪያ ኦፍታልሞስኮፕ ነው፤ የእጅ ባትሪ የምታህል፣ ሐኪም በዓይን ብሌን አሳልፎ የዓይንን ነርቭ ራስ የሚያይባት መሣሪያ ናት። በራስ ቅል ውስጥ ግፊት ሲበዛ የነርቩ ራስ አብዛኛውን ጊዜ ያብጣል፤ እብጠቱም በዚያች መሣሪያ ይታያል። እቴቴ ብዙ ሺሕ ብር ከፍለው በትልቁ መሣሪያ ሲነሡ፣ በዚያች ትንሽ መሣሪያ ዓይናቸውን ያየ ሰው አልነበረም። ከኩታበር ወደ ደሴ ሲወርዱ በመንገድ ላይ በሚገኘው በቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና አለ።

ባለፈው የገና ዕረፍት አብሬያቸው ሄጄ ዓይናቸው ታየ። እብጠት አልነበረበትም፤ እይታቸውም ለዕድሜያቸው ደኅና ነው ተባለ። እብጠት አለመኖሩ ሁሉን ነገር ባይፈታም፣ ዓይናቸው በድንገት ይጠፋል የሚለውን ሥጋት አርቆልናል። ለማይግሬን የሚሰጥ መድኀኒት ታዘዘላቸው፤ ሕመሙ የመጣበትንና የሄደበትን ቀን ቤት ያለው ልጅ በደብተር እንዲጽፍ አደረግሁ። እስከ አሁን የተጻፈው የሦስት ወር ነው፤ ከዚህ ምንም ለማለት አይቻልም። እቴቴ ግን ከወዲሁ ወስነዋል፤ የቀነሰላቸው ከመድኀኒቱ በፊት በነበረው ሳምንት በታገሙት ዋግምት ነው። ቢያንስ ምላጩ አዲስ ይሁን፣ ለሌላ ሰው ያገለገለ አይሁን ብዬ ለመንኋቸው፤ እሺ ብለውኛል።

በሬዎቹ አልተሸጡም። ልሰናበታቸው ስል ወረቀቱን ደግመው አውጥተው፣ «እንግዲህ ይኸን ምን ላድርገው? ልቅደደው?» አሉኝ። እንዲያስቀምጡት ነገርኋቸው፤ ወደፊት ዳግመኛ ቢነሡ፣ የሚያነበው ሐኪም ያን ጊዜ ያለውን ጥበት ከዚህኛው ጋራ አስተያይቶ ይለወጥ አይለወጥ ሊያውቅ የሚችለው በዚህ ወረቀት ነውና። አራት ጊዜ አጥፈው መልሰው በመቀነታቸው ቋጠሩት።